«ፋሲካ የክርስቲያን አይደለም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ፋሲካ የክርስቲያን አይደለም» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ነበር። እኔም አገኘሁት፤ ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ተሳዳቢ አይደሉም። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው፣ ጥቅስ ጠቅሰው ነው የሚሟገቱት። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በዝምታ ማለፍም በንዴት መመለስም ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ፋሲካ እስራኤል ከግብፅ የወጣበት መታሰቢያ ነው፤ ክርስቲያኖች ኋላ መጥተው የራሳቸውን ትርጉም ለጠፉበት። የፋሲካው በግ የኃጢአት መሥዋዕት አልነበረም፤ ስለዚህ ኢየሱስን «ኃጢአትን የሚያስወግድ የፋሲካ በግ» ማለት ኦሪትን አለማወቅ ነው። ወንጌሎቹ ራሳቸው በቀኑ አይስማሙም። የትንሣኤ በዓልም በኒቅያ ጉባኤ ከአረማውያን የፀደይ በዓል ተቀድቶ የመጣ ነው። በመጨረሻም፣ ክርስቶስ አንድ ጊዜ ከሞተ በየዓመቱ ማክበሩ ምን ይጠቅማል? ይላሉ።

አምስቱንም እመልሳለሁ። እኩል ቦታ ግን አልሰጣቸውም። ሁለተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ረዘም ያለ መልስም የሚገባው እሱ ነው።

መጀመሪያ «ለጠፉበት» የሚለውን ልመልከት። ማን ለጠፈው? መቼ? በእጃችን ካሉት የክርስትና ጽሑፎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የላከው የመጀመሪያው መልእክት ነው። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ ነው። ከስቅለቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቢያልፍ ነው። እዚያ ውስጥ «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዷልና» ይላል። ልብ በሉ፤ ጳውሎስ በዚያ ምዕራፍ ስለ ፋሲካ ትምህርት እየሰጠ አይደለም። በጉባኤው መካከል ስለተፈጸመ ነውር እየገሠጸ ነው። ፋሲካን የሚያነሳው በመሃል ነው፤ አያብራራውም፣ ማስረጃም አይደረድርለትም። ሰው እንዲህ የሚናገረው አድማጩ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ሲሆን ነው። ቆሮንቶስ ደግሞ የግሪክ ከተማ ናት። ብዙዎቹ ምእመናን ከአሕዛብ የመጡ ነበሩ። እነሱ እንኳ በዚያን ጊዜ ነገሩን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ተናጋሪዎቹስ እነማን ናቸው? ጳውሎስ ከብንያም ነገድ የተወለደ ፈሪሳዊ ነው። «እነሆ የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ የእግዚአብሔር በግ» ያለው መጥምቁ ዮሐንስ የካህን ልጅ ነው። ነውርና እድፍ እንደሌለው በግ ደም ብሎ የክርስቶስን ደም የገለጸው የጴጥሮስ መልእክት ነው፤ ጴጥሮስም የገሊላ አይሁዳዊ ነው። ከውጭ መጥቶ የሰው በዓል የወሰደ የለም። በዚያው በዓል ተወልደው፣ በዚያው በዓል ያደጉ ሰዎች ናቸው ይህን የተናገሩት።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ኢየሱስ ራሱ አለ። «ከመከራዬ በፊት ከእናንተ ጋር ይህን ፋሲካ ልበላ እጅግ እመኝ ነበር» ያለው እሱ ነው። ሞቱን ለደቀ መዛሙርቱ ሲያስረዳ የስርየት ቀንን መምረጥ ይችል ነበር። የዳስ በዓልንም ሊመርጥ ይችል ነበር። የመረጠው ግን የፋሲካን ማዕድ ነው። እንግዲህ ክርስቲያን ፋሲካን ከመስቀሉ ጋር ሲያያይዝ የጌታውን ቃል ነው የሚደግመው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ልሸሸው አልፈልግም። ክርስቲያኖች በዚህ በዓል ስም በአይሁድ ላይ ብዙ ግፍ ሠርተዋል። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የሰርዴስ ጳጳስ የነበረው ሜሊቶ ስለ ፋሲካ የሰበከው ስብከት አለ። ውብ ነው። ግን እዚያው ውስጥ እስራኤልን በጅምላ የአምላክ ገዳይ አድርጎ ይከሳል። እ.ኤ.አ. በ1144 በእንግሊዝ በኖሪች ከተማ አንድ ልጅ ሞቶ ሲገኝ አይሁድ ለበዓላቸው ገደሉት የሚል ክስ ተነሣ፤ ያ ውሸት ለዘመናት ስንቱን አስገደለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስን ሞት በሁሉም አይሁድ ላይ መጫን እንደማይገባ በጉባኤ ያወጀችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ዘግይቶ ነው። ከባርነት የወጣን ሕዝብ በዓል ያንኑ ሕዝብ ለማሳደጃ ማድረግ ኃጢአት ነው። ሌላ ስም የለውም። የአይሁድ ፋሲካ ዛሬም ሕያው በዓል ነው። የክርስትና ፋሲካ እውነት እንዲሆን የእነሱ ባዶ መሆን የለበትም። ይህን ሁሉ ከተቀበልኩ በኋላ ግን የጸሐፊው መደምደሚያ አይከተልም። ሰዎች በአንድ እምነት ስም ግፍ መሥራታቸው እምነቱ ከየት እንደመጣ አይነግረንም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «የፋሲካው በግ የኃጢአት መሥዋዕት አይደለም። የኃጢአት መሥዋዕት በዘሌዋውያን 4 እና 16 ተጽፏል፤ ወይፈን ነው፣ ፍየል ነው። የፋሲካው በግ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚበላው ነው። ታዲያ ከስርየት ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰባኪዎች ሳያዩት ያልፋሉ። ዘጸአት 12 በጉን የኃጢአት መሥዋዕት ብሎ አይጠራውም፤ ይህ ትክክል ነው። ግን ምዕራፉን ከፊቱ ካሉት ምዕራፎች ጋር አብራችሁ አንብቡት።

የዝንብ መንጋ ሲመጣ እስራኤል የሚኖርበት የጌሤም ምድር ተለየ። በእንስሳት ላይ ቸነፈር ሲወርድ የእስራኤል ከብት አልሞተም። በረዶው ጌሤምን አልነካም። ጨለማው ሦስት ቀን ግብፅን ሲሸፍን በእስራኤል ቤቶች ብርሃን ነበር። በእነዚህ ሁሉ እስራኤላውያን እንዲድኑ ምንም አድርጉ አልተባሉም። በደጅ የሚቀባ ደም አልነበረም፣ ምልክትም አልነበረም። እስራኤላዊ መሆን ይበቃ ነበር።

በዐሥረኛው መቅሠፍት ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። በዚያች ሌሊት እስራኤላዊ መሆን ብቻውን አልበቃም። በጉ መታረድ ነበረበት። ደሙ በሂሶጵ ተነክሮ በሁለቱ መቃኖችና በጉበኑ ላይ መቀባት ነበረበት። እስከ ጥዋት ማንም ከደጅ እንዳይወጣ ታዘዘ። «ደሙንም ባየሁ ጊዜ ከእናንተ አልፋለሁ» ተባለ። ዘራችሁን አይቼ፣ ስማችሁን አይቼ አልተባለም። እንግዲህ የእስራኤልም በኩር ያለ ደሙ አይተርፍም ነበር። ለምን? ሕዝቅኤል 20 አንድ ምክንያት ይጠቁማል። እስራኤል በግብፅ ሳለ የግብፅን ጣዖታት አልተወም ነበር ይላል። ኢያሱም ከብዙ ዘመን በኋላ አባቶቻችሁ በግብፅ ያመለኳቸውን አማልክት አርቁ ብሎ ሕዝቡን ይለምናል። ባሪያም ቢሆን፣ የተበደለም ቢሆን፣ በፍርድ ፊት ንጹሕ ሆኖ የሚቆም አልነበረም። በኩሩ በበጉ ምክንያት ተረፈ። ወዲያው ምዕራፍ 13 ላይ የሰው በኩር ሁሉ ይዋጅ የሚል ትእዛዝ ይመጣል። የመዋጀት ሐሳብ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በጉዳዩ ውስጥ አለ፤ ከውጭ ያስገባው የለም።

ጸሐፊው ያላነሱት ሌላም አለ። ሕዝቅኤል 45 ስለሚመጣው መቅደስ ሲናገር፣ በፋሲካው ቀን ገዢው ስለ ራሱና ስለ ሕዝቡ ሁሉ የኃጢአት መሥዋዕት የሚሆን ወይፈን ያቅርብ ይላል። ዘኍልቍ 28ም በዚያው በቂጣ በዓል ለማስተስረያ አንድ ፍየል ያዛል። ፋሲካና ስርየት በኦሪትና በነቢያት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። «ምንም አያገናኛቸውም» ማለት ይከብዳል።

ወደ መጨረሻው ማዕድ ስንመጣ ደግሞ ኢየሱስ ጽዋውን አንሥቶ «አዲስ ኪዳን» ይላል። ይህ ቃል የመጣው ከኤርምያስ 31 ነው። ነቢዩ እዚያ ምን አለ? የሚመጣው ኪዳን አባቶቻቸውን ከግብፅ ለማውጣት እጃቸውን በያዝኩበት ቀን እንደገባሁት ኪዳን አይደለም ይላል። ግብፅን ያነሳል፤ መውጣቱን ያነሳል። የሚጨርሰውስ በምንድን ነው? በደላቸውን እምራቸዋለሁ፣ ኃጢአታቸውንም ከእንግዲህ አላስብም በሚል። ከግብፅ መውጣትና የኃጢአት ይቅርታ በአንድ ትንቢት ውስጥ ተጋጠሙ። ኢየሱስ ያንን ትንቢት በፋሲካ ማዕድ ላይ አነሣው። ማቴዎስም «ለኃጢአት ይቅርታ» የሚለውን የጻፈው በዚያው ጽዋ ላይ ነው። ግንኙነቱን የሠራው የኋላ ዘመን የሥነ መለኮት ሊቅ አይደለም።

እኔ ግን ከዚህም አልፌ መናገር እፈልጋለሁ። የጸሐፊው ጥያቄ የተነሣው እኛ ክርስቲያኖች ብዙ ጊዜ ፋሲካን ስላጠበብነው ይመስለኛል። ኃጢአትን እንደ ዕዳ መዝገብ ብቻ ካየነው፣ በእርግጥ ፋሲካ አይገጥምም። ዕዳ ለመሰረዝ በጉን ሲበሉ ጫማ ማሰርና በትር መያዝ ለምን ያስፈልጋል? አዲስ ኪዳን ግን ኃጢአትን እንደ ጌታም ያየዋል፤ እንደሚገዛ፣ እንደሚያስር። «ኃጢአት የሚያደርግ ሁሉ የኃጢአት ባሪያ ነው» አለ ኢየሱስ። የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 6 ከዳር እስከ ዳር ስለ ባርነትና ስለ ነጻነት ነው። የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ክርስቶስ የሞተው በሞት ፍርሃት በሕይወታቸው ሁሉ ባሪያዎች የነበሩትን ነጻ ሊያወጣ ነው ይላል። ይህ የፋሲካ ቋንቋ ነው። ሰው በደለኛም እስረኛም ነው። ይቅር ተብሎ እዚያው ግብፅ ቢቀር ምን ይጠቅመዋል? ያለ ይቅርታ ቢወጣስ የት ይደርሳል? የበጉ ደም ፍርድን አሳለፈ፤ በጉን የበሉት ሰዎች ደግሞ ወገባቸውን ታጥቀው በችኮላ በሉ፣ በዚያችው ሌሊትም ወጡ። ሁለቱ አይነጣጠሉም። ክርስትና መስቀሉን በፋሲካ የሚያነብበው ለዚህ ነው፤ የዘሌዋውያን 16 ሥርዓት ብቻውን ይህን ሁሉ አይናገርም። ደግሞም የዕብራውያን መልእክት ያንን የስርየት ቀንም ወስዶ ለክርስቶስ ይጠቀምበታል። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ሦስተኛው ነጥብ የወንጌሎቹ ቀን ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ የመጨረሻውን እራት የፋሲካ እራት ይሉታል። ዮሐንስ ደግሞ ከሳሾቹ ፋሲካን ገና እንዳልበሉ፣ ኢየሱስም የተፈረደበት በፋሲካ መዘጋጃ ቀን እንደሆነ ይጽፋል። ልዩነቱ አለ። ጸሐፊው የፈጠሩት አይደለም፤ በጥንት ዘመንም ይታወቅ ነበር። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት እርሾ ባለው እንጀራ፣ የምዕራቡ ደግሞ በቂጣ ቁርባን ማቅረባቸው እንኳ በ11ኛው ምዕተ ዓመት ሲያጨቃጭቅ አንዱ መነሻው ይህ ነበር።

መልስ የሞከሩ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ አኒ ዦቤር ኢየሱስ በሙት ባሕር አጠገብ በተገኙት የጥንት የአይሁድ ጽሑፎች፣ በቁምራን ጽሑፎች የሚታወቀውን የፀሐይ ቀን መቁጠሪያ ተከትሎ ይሆናል አለች። ሌሎች ዮሐንስ «ፋሲካ» ሲል ሰባቱን የበዓል ቀናት በሙሉ ማለቱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዮሐንስ ሆን ብሎ የበጎቹን መታረጃ ሰዓት ሊያሳየን እንደፈለገ ያስባሉ። እኔ አንዱን ብቻ ይዤ ሌላውን አልጥልም፤ የጸሐፊውን ክርክር ለመመለስም መምረጥ አያስፈልገኝም። አራቱም ወንጌሎች የሞተው በፋሲካ ሰሞን፣ በኢየሩሳሌም፣ በዕለተ ዓርብ ነው ይላሉ። ሦስቱ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንደሞተ ይጽፋሉ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ደግሞ በመቅደሱ የፋሲካው በጎች የሚታረዱት ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እንደነበር ጽፏል። ዮሐንስ በመስቀሉ ሥር ሂሶጵን ያነሳል፤ ጭኑ እንዳልተሰበረ ይጽፍና «ከእርሱ አጥንት አይሰበርም» የሚለውን ይጠቅሳል። ይህ ከዘጸአት 12 የፋሲካ በግ ሕግ ጋር አንድ ነው። ሦስቱ ወንጌሎች እራቱን ፋሲካ አሉት፤ ዮሐንስ መስቀሉን። በቀን አቆጣጠር የሚለያዩ ምስክሮች በትርጉሙ ላይ አንድ ከሆኑ፣ ይህ የጸሐፊውን ሐሳብ ያደክመዋል እንጂ አያጠነክረውም።

አራተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። የትንሣኤ በዓል በኒቅያ ተፈጠረ፣ ከአረማውያን ተቀዳ የሚለው ክስ በቀን አቆጣጠሩ ብቻ ይወድቃል። የኒቅያ ጉባኤ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ325 ነው። ከዚያ ወደ 170 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ የሰምርኔስ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ወደ ሮም ሄዶ ከሮሙ ጳጳስ ከአኒቄጦስ ጋር ስለዚሁ በዓል ተወያይቷል። የተለያዩት በምን ነበር? የእስያ (የዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ) ክርስቲያኖች ከአይሁድ ጋር በኒሳን 14፣ የፋሲካው በግ በሚታረድበት ቀን፣ ያከብሩ ነበር፤ ሮም ደግሞ እሑድን ትጠብቅ ነበር። አልተስማሙም። ግን አብረው ቆርበው በሰላም ተለያዩ። ወደ 190 ገደማ ቪክቶር የተባለው የሮም ጳጳስ የእስያን አብያተ ክርስቲያናት ሊያወግዝ ሲነሣ የሊዮኑ ጳጳስ ኢሬኔዎስ ይህንኑ የድሮ ታሪክ አስታውሶ ገሠጸው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ደብዳቤውን አቆይቶልናል። እንግዲህ አስቡት። ክርክሩ ሁሉ የአይሁድን ፋሲካ ቀን እንጠብቅ ወይስ የሚቀጥለውን እሑድ የሚል ነው። የአረማውያን የፀደይ በዓል ከየት ይገባል? ኒቅያ ያደረገው ሁሉም በአንድ እሑድ እንዲያከብር መወሰን ነው። በዚያው ወቅት ከንጉሠ ነገሥቱ ከቆስጠንጢኖስ የወጣው ደብዳቤ ስለ አይሁድ የተናገረው ክፉ ቃል አለ፤ እሱን ከላይ ካነሣሁት ግፍ ጋር ደምሩት። በዓሉ ግን ያኔ አልተወለደም። በአንዳንድ አገር በኋላ የተጨመሩ ልማዶች ካሉ እነሱን ለብቻቸው መመርመር ይቻላል።

የመጨረሻው፣ «አንድ ጊዜ ከሞተ በየዓመቱ ለምን?» የሚለው ነው። ክርስቶስ አንድ ጊዜ ለዘላለም ራሱን አቀረበ፤ የዕብራውያን መልእክት ይህን ደጋግሞ ይላል። ማንም ክርስቲያን በየዓመቱ እንደገና ይሞታል ብሎ አያምንም። አብያተ ክርስቲያናት ስለ ቁርባን ባላቸው ትምህርት ይለያያሉ፤ በዚህ ግን አይለያዩም። ታዲያ የእስራኤል ፋሲካስ? ባሕሩን የተሻገሩት አንድ ጊዜ ነው። ሆኖም በየዓመቱ እንዲያከብሩ ታዘዙ። ዘጸአት 13 ላይ አባት ለልጁ የሚለውን ተመልከቱ፤ «እኔ ከግብፅ በወጣሁ ጊዜ እግዚአብሔር ስላደረገልኝ» ብሎ ይንገረው ይላል። ይህን የሚለው አባት ከመቶ ዓመታት በኋላ የተወለደ ሊሆን ይችላል። ግን «እኔ» ይላል። መታሰቢያ በኦሪት ማለት ይህ ነው፤ በኋላ የመጣው ትውልድ ራሱን ከወጡት መካከል ይቆጥራል። «ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት» ሲባል ደቀ መዛሙርቱ የሰሙት በዚህ ጆሮ ነው። ክርስቲያንም «ከእርሱ ጋር ተቀበርን» ሲል ያንኑ ያደርጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዷልና» የሚለውን ከ1ኛ ቆሮንቶስ 5 ቁጥር 7 ጠቅሰው ቁጥር 8ን ትተውታል። ቁጥር 8 «በዓልን እናድርግ» ይላል። እንዴት? በአሮጌ እርሾ፣ በክፋትና በግፍ እርሾ አይደለም፤ በቅንነትና በእውነት ቂጣ ነው። ጳውሎስ ይህን የሚጽፈው ነውርን አቅፈው ለተኩራሩ ሰዎች ነው። በጉ ከታረደ እርሾው እስካሁን በቤታችሁ ምን ያደርጋል? እያላቸው ነው። በኦሪቱም እንዲሁ ነው። ከግብፅ የወጣው ሕዝብ ብዙም ሳይቆይ ስደተኛውን አታስጨንቁ፣ እናንተም በግብፅ ስደተኞች ነበራችሁና የእንግዳን ነፍስ ታውቃላችሁ ተብሏል። ጸሐፊው «በየዓመቱ ለምን?» ብለው ለጠየቁት ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ክፋቱና ግፉ በየዓመቱ ተመልሶ ቤታችን ይገኛልና፣ በየዓመቱ ፈልገን እንድናወጣው ታዘናል። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህችን ቁጥር 8ን ቢያነሷት፣ በእሷ ላይ አብሬያቸው ብወያይ ደስ ይለኛል።